አገር የሰጠችኝ ልጅ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰው የሚፈልገኝ ለአንድ ጥያቄ ነው። በቀደም ዕለት ከዓባይ ማዶ ወደ ፔዳ በባጃጅ ስሄድ ሾፌሩ በመስታወቱ ደጋግሞ አየኝና፣ «እርስዎ ልጅ የሚለኩት እትዬ አስካለ አይደሉም?» አለኝ። ነበርሁ አልሁት። የአራት ዓመት ልጁ የመኪና ታርጋ አንዴ ካየ እንደማይረሳ ነገረኝና ድልድዩን ሳንጨርስ፣ «ላስለካው ይሆን?» ብሎ ጠየቀኝ።

ልጅ ማስለካት። እዚህ ባሕር ዳር እንዲህ ነው የሚባለው፤ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄዶ ደረትና ወገብ እንደማስለካት። እኔ በሥራ ዘመኔ ወረቀት ላይ «የችሎታ ምዘና» እያልሁ ስጽፍ ኖሬአለሁ። እያደር ግን የሰዉን ቃል እየወደድሁት መጣሁ። ልብስ የሚያስለካ ሰው ሸሚዝ ይሁን ካፖርት የሚያሰፋውን አስቀድሞ ያውቃል። ልጁን የሚያስለካው ግን ብዙ ጊዜ ምን ሊያሰፋ እንደመጣ አያውቅም።

ስለዚህ ሾፌሩን በጥያቄ መለስሁለት። «ውጤቱ ቢነገርህ በማግስቱ ጠዋት ለልጅህ ምን ትለውጥለታለህ?» አልሁት። ሂሳቡን ስከፍለው፣ «እንጃ፤ እስቲ ከናቱ ጋር ልምከርበት» አለ። ጥያቄው የራሴ አይደለም። የመምህሬ የመምህር ይርሳው ነው። እንዴት እንደተወለደ ለመናገር ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ።

ሥራ የጀመርሁት ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ሰባታሚት ነው፣ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ሆኜ። ያኔ ልጅን የምለካው እጁን በሚያወጣበት ፍጥነት ነበር። በኋላ ኮሌጅ ገብቼ የምክር አገልግሎት ተማርሁና ሐይቁ አጠገብ ያለ አንድ ትልቅ ትምህርት ቤት ጋይዳንስ ሆኜ ተመደብሁ። ቢሮ ተብሎ የተሰጠኝ የጠመኔ መጋዘን ነው። የመጀመሪያው ርእሰ መምህራችን ጋይዳንስ ማለት የጥፋተኛ ማቆያ ይመስላቸው ነበር። ያረፈደውን፣ የተደባደበውን፣ ፀጉሩን ያልተቆረጠውን ሁሉ ወደ እኔ ይልኩታል። እኔም የጠመኔ ብናኝ እየዋጥሁ እመክራለሁ። ደሞዙ የመምህር፣ ሪፖርቱ የሚኒስትር ነበር።

ልጅ ሲመዝኑ እንዳግዛቸው ብለው ከዚያ ያወጡኝ መምህር ይርሳው ናቸው። ኮሌጅ ሥነ ልቦና ያስተማሩኝ፣ በልጅነታቸው ቅኔ ቤት የቆዩ፣ ረጅም ቀጭን ሰው ነበሩ። ከውጭ አገር የመጣ አንድ የምዘና ሳጥን ነበራቸው፤ ጥያቄዎቹን በራሳቸው እጅ ወደ አማርኛ መልሰዋቸዋል። ሳጥኑ ውስጥ የነበሩት ቀይና ነጭ ኩቦች እየጠፉ ሲያልቁ ዓባይ ማዶ ያለ አናጺ ሌላ ሠራላቸው። ቀለሙ ስለሚለቅ ግን የልጆቹን ጣት ያቀላ ነበር። በዚያን ሰሞን የተመዘነ ልጅ በጣቱ ይታወቃል። እናቶች በሎሚ ሲያሹት ይውላሉ።

ሲሠሩ ማየት ደስ ይላል። ልጁ ከመግባቱ በፊት የእጅ ሰዓታቸውን ፈትተው ኪሳቸው ይከቱታል። ከልጁ ወንበር እኩል በሆነች በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ፤ ጉልበታቸው ጆሯቸው ሊደርስ ምንም አይቀረው። ልጁ ሲመልስ «ጎበዝ» ብለው አያውቁም። ቢያገኘውም ቢስተውም በአንድ ድምፅ «እሺ» ነው። ለምን ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ጎበዝ ካልሽው ከዚያ በኋላ ጥያቄውን ትቶ ፊትሽን ነው የሚያነበው» አሉኝ። ሁሉም ሲያልቅ ደግሞ እርሳሳቸውን አስቀምጠው፣ «እስካሁን እኔ ጠየቅሁህ፤ አሁን ተራው ያንተ ነው» ይሉታል። አንዱ ልጅ ዓሣ ይጠማዋል ወይ ብሎ ጠየቃቸው። አላውቅም አሉትና ሳምንቱን ሙሉ ያገኙትን ሰው ሁሉ ሲጠይቁ ከረሙ።

ከውጭ የመጣውን መልስ እንዳለ አይቀበሉትም። «ጀልባ ከምን ይሠራል?» የሚል ጥያቄ ነበር። የሳጥኑ መጽሐፍ እንጨት ወይም ብረት ያለውን ብቻ ልክ ነው ይላል። የዘጌ ልጅ መጥቶ «ከደንገል» ሲል እኔ እርሳሴን አንሥቼ ስወላውል፣ «ጻፊለት» አሉኝ። «ፈረንጁ ታንኳ አላየ እንደሆነ ልጁ ምን ያድርግ?»

ወላጅ መጠየቅም የራሱ ብልሃት ነበረው። አገራችን ልጁን በሰው ፊት አያመሰግንም፤ ዓይን ይፈራል። «ልጅዎ እንዴት ነው?» ሲባል፣ «ኧረ ይኸ ደደብ፣ ምን ያውቃል ብለው!» የሚል አባት ከመጣ መምህር ይርሳው ወደ እኔ ዘንበል ብለው፣ «ይኸ ልጅ ሳይፈጥን አይቀርም» ይሉኛል። ብዙ ጊዜ ይይዝላቸዋል። አንድ ጊዜ ግን አባትየው እውነቱን ኖሯል።

ያልሆነልን ሥራም አለ። ልጁ ብሩክ ይባላል። አባቱ ፋብሪካ ለመሥራት ከደቡብ የመጣ መሐንዲስ ነው፤ እናቱ ቤት ትውላለች። ብሩክ ሰባት ዓመት ሳይሞላው የቁጥር ነገር ጉድ ያሰኝ ነበር። መዘንሁት። ምዘናው በደንቡ ሄደ፣ ነጥቡም ያ ሳጥን ባሕር ዳር ከገባ ጀምሮ ካየነው ሁሉ በላይ ሆነ። መምህር ይርሳው ደግመው አዩት፤ ስሕተት የለበትም። ያን ጊዜ ወላጅን የሚጠይቁት፣ «እንግዲህ ምን ታደርጉለታላችሁ?» ብለው ነበር። አባትየው በደስታ፣ «ሁሉን ነገር!» አለ። ጥሩ መልስ መሰለን።

አባትየው ውጤቱን መስታወት ውስጥ አስገብቶ ሳሎን ሰቀለው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ብሩክ ይጠራል፤ አባዛ ይባላል፣ አካፍል ይባላል። ትምህርት ቤቱም በአንድ ጊዜ ሁለት ክፍል አሳለፈው። አዲሶቹ የክፍል ጓደኞቹ ጠዋት የቤት ሥራውን ይገለብጡበታል፣ ዕረፍት ላይ ኳስ አያስገቡትም። በሁለተኛው ዓመት ልጁ ጥያቄ መመለስ አቆመ። አስተማሪው አስጠንቅቆኝ ስለነበር አንድ ቀን ክፍሉ ገብቼ ከኋላ ተቀመጥሁ። ብሩክ በእንቅልፍ ልቡ የሚሠራው ሒሳብ ሰሌዳው ላይ ተጻፈና ተጠየቀ። ተነሥቶ ቆመ፣ ሰሌዳውን አየ፣ «አላውቅም» አለ። ሲቀመጥ ፊቱን አየሁት። ኩንታል ከትከሻው ያወረደ ሰው ይመስል ነበር።

እናቱ ቢሮዬ መጣች። «እትዬ አስካለ፣ መለካቱን ማፍረስ ይቻላል?» አለችኝ። «ተሳስተን ነው የሚል ሌላ ወረቀት ስጡኝና ያኛውን ከግድግዳ ላውርደው።» እንዲህ ያለ ወረቀት የለም። ብዙ ሳይቆይ ቤተሰቡ ከከተማው ለቀቀ፤ ከዚያ ወዲያ ወሬያቸውን አልሰማሁም። ቁጥሩ እውነት ነበር፣ ልጁን ግን አልጠቀመውም። ይኸ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። መምህር ይርሳው ጥያቄያቸውን የለወጡት ያኔ ነው። «በማግስቱ ጠዋት ምን ትለውጣላችሁ?» ማለት ጀመሩ። ለማግስት ጠዋት «ሁሉን ነገር» የሚል መልስ አይሆንማ።

ምዘና ክፉ ነው የምል እንዳይመስል። ፈዛዛ ናት ተብላ ኋላ ወንበር የተጣለች አንዲት ልጅ በዚያው ሳጥን ስትታይ የምትሰማው በአንድ ጆሮዋ ብቻ እንደሆነ፣ በዚያ በአንድ ጆሮዋም ክፍሉን ሁሉ እንደምትቀድም ደርሰንበታል። በማግስቱ ጠዋት የፊት ወንበር ተሰጣት። የሚለወጠው ነገር ሲታወቅ መለካት እንዲህ ደስ ይላል።

መምህር ይርሳው ካረፉ በኋላ ሳጥኑም በርጩማዋም ለእኔ ቀሩ። ጡረታዬ ሲቃረብ ነው እንግዲህ ነጃት የምትባል የአንዲት ልጅ ወላጆች የመጡት። አባቷ ኑሩ የወረታ ሰው ነው፤ ሩዝና እህል ይነግዳል፣ ጣናን ዙሪያውን ያውቀዋል። እናቷ ፎዚያ የባንክ ሠራተኛ ናት። ነጃት ማንበብ የቻለችው ማንም ሳያስተምራት ነው፤ ከአባቷ መጋዘን ጆንያ ላይ የተጻፈውን እያየች። ሙአለ ሕፃናት ያለችው አስተማሪዋ፣ «ይህችን ልጅ አስለኳት» ብላ ላከቻቸው።

«ውጤቱ ቢነገራችሁ በማግስቱ ጠዋት ምን ትለውጣላችሁ?» አልኋቸው።

ፎዚያ አላመነታችም። «ጥሩ ከሆነ አዲስ አበባ እህቴ ዘንድ ትሄዳለች። እንዲህ ያሉ ልጆችን የሚቀበል ትምህርት ቤት አለ። እህቴ ቦታ ጠይቃለች፤ የሚቀረው የእርስዎ ውጤት ነው።»

ወላጅ እንዲህ ቁርጥ ያለ መልስ ሲሰጠኝ የመጀመሪያዬ ነበር። ኑሩ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ እያሽከረከረ፣ «እኔ ፎዚያ ካለች ብየ ነው እንጂ» አለ። «ልጅቱ ማሻአላህ ፈጣን ናት፣ አልክድም። ስድስት ዓመት እንኳ አልሞላት እኮ፣ እትዬ አስካለ። ማታ ስገባ ኪሴን የሚፈትሸኝ ማን ነው?»

«ስለ ኪስህ አይደለም የመጣነው» አለች ፎዚያ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «እኔም ፈጣን ነበርሁ። ወረታ እያለሁ አስተማሪየ አባቴን ጎንደር ትማር ብሎ ለመነው። አባቴ፣ ሱቁን ማን ሊጠብቅ ነው አለ፣ በዚያው ቀረ። ማታ ማታ ተምሬ ነው እዚህ የደረስሁት። ያ የቀረብኝ ነገር እሷ ላይ እንዲደገም አልፈልግም።»

ሁለቱም እውነት ነበራቸው፤ እኔም ማንን ልያዝ ብዬ ተቸገርሁ። ነጃት ይህ ሁሉ ሲባል ከበሩ ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ የጫማዋን ማሰሪያ ትፈታና ታስር ነበር። በሩን የዘጋው ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ኑሩ ልጅቱን አምጥቶ ተወልኝና ወደ መጋዘኑ ሄደ። ሰዓቴን ኪሴ ከተትሁ፣ በርጩማዋ ላይ ተቀመጥሁ፣ ሳጥኑን ከፈትሁ። ነጃት ቀጠን ያለች፣ ዓይኗ ነገር የሚፈልግ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ የምትቀመጥ ልጅ ናት።

«ነጃት፣ ጥያቄ ልጠይቅሽ ነው» አልኋት።

«ምን አውቅልዎት» አለች።

ሳቄ መጣ። እንቆቅልሽ አላልኋትም። ትንሽ ቆይቼ ከሁሉ ቀላሉን አነሣሁ። «ሳምንት ስንት ቀን አለው?»

«ምን አውቅልዎት።»

«ብርቱካንና ሙዝ በምን ይመሳሰላሉ?»

«ምን አውቅልዎት።»

በትሕትና ነው የምትለው፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ። ኩቦቹን ዘርግቼ ይህን ሥዕል ሥሪልኝ ስላት እነሱንም ትክ ብላ አየቻቸውና ያንኑ አለች። የምዘናው ደንብ ልጁ በተከታታይ ከሳተ አቁሚ ይላል። አቆምሁ። በደንቡ መሠረት ነጃት ዜሮ ናት። ጆንያ የምታነብ ልጅ የሳምንቱን ቀን አታውቅም።

እንዴት ሊሆን ይችላል ብዬ ማሰብ ጀመርሁ። ወረታ ካሉት አያቷ ጋር ማታ ማታ እንቆቅልሽ እንደሚጫወቱ እናቷ ነግራኛለች። እነሱ ቤት ትልቅ ሰው የሚያውቀውን ነገር ከልጅ ከጠየቀ ጨዋታ ነው፤ የጨዋታው ወግ ደግሞ መጀመሪያ ምን አውቅልዎት ማለት ነው። ምናልባት እኔን እየጠበቀችኝ ይሆናል። እርሳሴን አስቀመጥሁና እንደ ቀልድም እንደ ሙከራም፣ «ካላወቅሽማ አገር ስጪኛ» አልኋት።

ፊቷ በራ። «አዲስ አበባን ሰጠሁዎት» አለች፣ አፌን ሳልገጥም።

ወጉን አላጓደልሁም። «አዲስ አበባ ገብቼ ምን አጥቼ፣ ሁሉ ሞልቶልኝ ሁሉ ተርፎኝ፤ ሳምንት ሰባት ቀን መሆኑን ያላወቅሽ አንቺ ግን ከዶሮ ጋር ስትቆጥሪ እደሪ!» ብዬ ሸረደድኋት። አፏን በሁለት እጇ ይዛ ሳቀች። ቀጠልን። እኔ ከሳጥኑ እጠይቃለሁ፣ እሷ ምን አውቅልዎት ትላለች፣ አገር ትሰጠኛለች፣ እኔ ገብቼ እሸረድዳታለሁ። ደሴን ሰጠችኝ። ጎንደርን ሰጠችኝ። ደብረ ታቦርን ሰጠችኝ። ወረታ ላይ ስትደርስ ትንሽ ቆም አለች፤ አያቷ እዚያ ናቸው። ግን ሰጠችኝ።

ከወረታ በኋላ አዲስ ዘመን መጣ። ከዚያ እንፍራንዝ፣ ከዚያ ጎርጎራ። ጎርጎራ ላይ ነው እኔ የነቃሁት። ደልጊ ስትለኝ ጥርጣሬዬ አለቀ። ልጅቱ ጣናን እየዞረች ነው። ካርታ አታውቅም፤ አባቷ ማታ ቤት ገብቶ ሩዙ ከየት፣ ዳጉሳው ከየት እንደመጣ ሲያወራ ሰምታ ሐይቁን ከነዳርቻው ጭንቅላቷ ውስጥ አስቀምጣዋለች፤ ከተሞቹንም በተራቸው እያነሣች ትሰጠኛለች። ቁንዝላን ሰጠችኝ። ዘጌን ሰጠችኝ። ከዘጌ በኋላ የቀረ አንድ ከተማ ብቻ ነው፤ ቤቷ ያለበት።

በዚያ ሁሉ ዘመን ልጅ ፊት ተቀምጬ እንዲህ የጓጓሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። ከሳጥኑ ውስጥ ለትልልቅ ልጆች የተዘጋጀውን አንዱን ከባድ ጥያቄ አወጣሁ።

«ወዳጅና ጠላት በምን ይመሳሰላሉ?»

ምን አውቅልዎት አላለችም። ወደ መስኮቱ አየች፤ ከዚያ ሐይቁ በዛፎቹ መካከል ይታያል። ጣቶቿን አፍታታ መልሳ አጣጠፈቻቸው።

«ሁለቱም ስሜን ያውቁታል» አለች።

መጽሐፉ ውስጥ እንዲህ ያለ መልስ የለም፤ ትክክል ነው ግን። መምህር ይርሳው ቢኖሩ ከበርጩማቸው ይወድቁ ነበር። እኔም «እሺ» አልሁ፣ እንደምንም ድምፄን ሳልለውጥ። ሌላ ጠየቅሁ፤ መለሰች። ወደ መጀመሪያው ተመልሼ ብርቱካንና ሙዙን ጠየቅሁ፤ መለሰች። ኩቦቹን ሰጠኋት፤ ሥዕሉን ሠርታ ጨርሳ ለራሷ ሌላ ሥዕል ጀመረች። የቀረችውን አንድ ከተማ ላለመስጠት አንዲት ጥያቄ እንኳ አላሳለፈችም።

«ነጃት፣ ቅድምም ታውቂው ነበር አይደል?» አልኋት።

አንዱን ኩብ ከሌላው ላይ ደረበች።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ካወቅሁ አዲስ አበባ ሊልኩኝ ነዋ።»

«ማን አለሽ?»

«በር ላይ ነበርሁ እኮ» አለች፣ ይህን አለማወቄ እየገረማት።

አፈርሁ፣ ደነገጥሁ፣ ደስም አለኝ፤ ሁሉም በአንድ ላይ። ጨዋታውን አልተሳሳተችም ማለት ነው። የተሳሳትሁት እኔ ነኝ። የእኔ ፈተና ከእኔ በፊት ገብቷታል፤ ቢያልፉት ምን እንደሚመጣም አውቃለች። አላውቅም ብላ እንዳትዋሽ ደግሞ እንደ ዋሾ የማያስቆጥራት ቃል መርጣለች። ምን አውቅልዎት ማለት ጨዋታ እንጂ ውሸት አይደለማ። ልጠይቃት የምፈልገው ብዙ ነበር፤ ግን ኑሩ በሩን አንኳኳ፣ ለምሳ ሊወስዳት። እንደ መምህሬ ልማድ ተራውን ሳልሰጣት ተለያየን። ከመውጣቷ በፊት ብቻ ጠጋ ብዬ፣ «ይህን ለናትሽ እኔ ልንገራት ወይስ አንቺ?» አልኋት።

«እርስዎ ይንገሯት። እኔ ስነግራት ታለቅሳለች።»

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ቢሮዬ ተቀምጬ ቅጹን ሳየው ዋልሁ። ዜሮ ብዬ ብጽፍ ደንቡን ጠብቄ መዋሸቴ ነው። ከፍተኛ ብዬ ብጽፍ ደግሞ ካቆምሁ በኋላ የጠየቅሁት አይቆጠርም፤ እሱም ውሸት ነው። ሌላ ቀን እንደገና ልመዝናት እችላለሁ። ግን ያ ውጤት አዲስ አበባ የሚወስዳት ትኬት እንደሆነ እሷም እኔም እናውቃለን። ብሩክ «አላውቅም» ብሎ ሲቀመጥ ያየሁት ፊት መጣብኝ። እሱ ያን ቃል ለማለት ሁለት ዓመት መሰቃየት ነበረበት። ይህችኛዋ አስቀድማ ብላዋለች፤ የሚሰማት ሰው ካለ ማለቴ ነው።

ሁለቱንም ጠራኋቸው፤ በሩን በዚህ ጊዜ ዘጋሁት። ቁጥር እንደሌለኝ፣ ለምን እንደሌለኝም አንድ በአንድ ነገርኋቸው። ከተሞቹን በተራ ስቆጥር ኑሩ ጭኑን መትቶ ሳቀ። «የኔን መንገድ ነው እኮ! ከእንፍራንዝ ጎርጎራ፣ ከጎርጎራ ደልጊ!» አለ። ፎዚያ አልሳቀችም። የሻሿን ጫፍ ጣቷ ላይ እየጠመጠመች ትሰማለች።

«ወረታንም ሰጠችዎት?» አለችኝ።

«ሰጠችኝ።»

«መጀመሪያ የሰጠችዎት ማንን ነው?»

«አዲስ አበባን።»

ተነሥታ በሩን ከፈተች። ነጃት አግዳሚው ላይ ጫማዋን ታስራለች። ፎዚያ ልጅቱ ፊት ቁጢጥ አለችና፣ «አዲስ አበባን ለምን ሰጠሻቸው፣ የኔ እናት?» አለቻት።

«አንቺ የለሽበትም እኮ» አለች ልጅቱ።

ፎዚያ አለቀሰች፤ ልጅቱ እንደፈራችው። ኑሩ ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት ኮፍያውን ይነቀንቃል። ፎዚያ ዓይኗን ጠርጋ ስትቀመጥ የተናገረችው ከልቤ አይጠፋም። «እኔን ሲያስቀሩኝ አልጠየቁኝም» አለች። «እኔም እሷን ሳልጠይቅ ልልካት ነበር። ትልቁ ነገር መሄድ ይመስለኝ ነበር፤ መጠየቁ ነው ለካ።»

ምዘናው በዚያ ቆመ። ፎዚያ ግን ባዶ እጇን ሄዳ የምታርፍ ሴት አይደለችም። «እሺ፣ በማግስቱ ጠዋት ምን እንለውጥ?» ብላ በራሴ ጥያቄ ያዘችኝ። ተቀምጠን መከርን። አንደኛ ክፍል ከእኩዮቿ ጋር እንድትገባ፣ በሒሳብ ሰዓት ግን ሦስተኛ ክፍል ሄዳ እንድትቀመጥ ርእሰ መምህራችንን እኔ ለመንሁላቸው፤ ለዚህ ቁጥር አልጠየቁኝም። ትምህርት ሲዘጋ አባቷ መንገድ ሲወጣ ይወስዳታል። ፎዚያ ከሥራ መልስ ለሁለቱም የሚሆን መጽሐፍ ይዛ ትገባለች። «ለሁለታችንም» ያለችው እሷ ናት፤ የማታ ትምህርቱን ስትጨርስ ማንበቡንም ጨርሳው ኖሯል።

ጡረታ የወጣሁ ሰሞን ርክክብ ነበር። ተተኪዬ ጥሩ ወጣት ናት፤ እሷ በታብሌት ነው የምትሠራው፣ ማንም ጣቱ አይቀላም። ጠረጴዛውን፣ በርጩማዋን፣ ሳጥኑን ከነኩቦቹ እየቆጠርን ሳለ ፎዚያና ነጃት ሊሰናበቱኝ መጡ። ነጃት ሁለት የፊት ጥርሷን አውልቃለች። ያልሰጠኋት ተራ ትዝ አለኝና በርጩማዋ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ተቀመጥሁ።

«ያን ቀን እኔ ብቻ ጠይቄሽ ቀረሁ» አልኋት። «አሁን ተራው ያንቺ ነው።»

«እንቆቅልዎት» አለች።

«ምን አውቅልሽ።»

«ሌት ተቀን ይመላለሳል፣ ከቤቱ ግን አይወጣም።»

የግድግዳ ሰዓት አልሁ። አይደለም አለች። የትምህርት ቤታችን ዘበኛ አልሁ። ፎዚያ ሳቀች፣ እሱም አይደለም። እጄን ሰጠሁ።

«እንግዲያው አገር ይስጡኝ» አለች ነጃት።

ከአፌ አመለጠኝ። «አዲስ አበባን ሰጠሁሽ» አልሁ። የፎዚያ ሳቅ ቆመ። ነጃት ግን አልተቆጣችም፤ መስኮቱ ላይ ዓይኗን ጥላ ብዙ አሰበች።

«እሷን አሁን አልፈልጋትም» አለች። «ሌላ ይስጡኝ። ግን ለሌላ ሰው እንዳይሰጡብኝ። ሳድግ መጥቼ እወስዳታለሁ።»

ወረታን መለስሁላት። ወረታ ገብታ ምን አጥታ፣ ከአያቷ ጋር ተቀምጣ የሩዝ ዳቦ እየበላች፣ ሐይቅ ዳር ተወልጄ ሐይቅ ያላወቅሁትን እኔን እንደ ጉድ ሸረደደችኝ። መልሱ ጣና ነበር፣ ከነማዕበሉ።

እነሱ ሲወጡ ርክክቡን ጨርሰን ፈረምሁ። ያለኝን ሁሉ አስረክቤያለሁ፤ ያስቀረሁት አዲስ አበባን ብቻ ነው። ነጃት እስክትመጣ ማንም ቢለምነኝ አልሰጥም።